ጽጌረዳና ቡገንቪሊያ ጎን ለጎን

ግቢያችሁ ውስጥ አበባ አለ? ካለ ማን ነው የሰጣችሁ? ራሳችሁ ገዝታችሁ የተከላችሁት ከሆነ ይህን ወግ ዝለሉትና ወደ ሥራችሁ ሂዱ፤ እናንተ ሰላም ያላችሁ ሰዎች ናችሁ። በስጦታ ያገኛችሁት ከሆነ ግን፣ ይልቁንም ሰጪዋ እናታችሁ ወይም አማታችሁ ከሆነች፣ ቆዩኝ። ሁለቱም ሰጥተዋችሁ ከሆነ ደግሞ አልቅሱ፤ እኔም አብሬያችሁ አለቅሳለሁ።

አበባ አልጠላም፤ ይህ ይታወቅልኝ። ከሩቅ ሳየው ደስ ይለኛል፣ በተለይ የሰው ግቢ ውስጥ ሆኖ ሳየው። ታክሲ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጬ አጥር ላይ የተዘረጋ ቀይ ነገር ካየሁ "ወይ ማማሩ!" እላለሁ። ከዚያ ማማር ጀርባ ባልዲ ተሸክሞ የሚሮጥ አንድ ምስኪን ባል ሊኖር እንደሚችል ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

እኔና ባለቤቴ ሰላማዊት እንደተጋባን ኮተቤ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከነግቢው ተከራየን። ግቢ ስላችሁ ሰፊ ነገር እንዳታስቡ። ከበሩ ስትገቡ በስተቀኝ የአንድ ሰው ፍራሽ የምታህል አፈር አለች፤ የቀረው ሲሚንቶ ነው። ፀሐይ የምታገኘውም እሷው ብቻ ናት፤ ሌላውን የጎረቤታችን የጋሽ ከድር ፎቅ ጋርዶታል። ጋሽ ከድር ሰፈሩ ገና ሜዳ በነበረ ጊዜ ከስልጤ መጥተው ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። ደጃፋቸው ላይ በርጩማ አስቀምጠው፣ ስኳርና ዳቦ ከመሸጥ ጎን ለጎን የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሥራ ይከታተላሉ። የእኔን ደግሞ በልዩ ትኩረት። ያስቃቸዋል መሰለኝ።

ቤት በገባን ሰሞን፣ አንድ እሑድ፣ እናቴ "እንኳን ለቤት አበቃችሁ" ልትለን መጣች። እናቴ የምትኖረው እኔን ባሳደገችበት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ትንሽዬ ቤቷ በየዘይት ቆርቆሮው በተተከሉ ጽጌረዳዎች ከመከበቧ የተነሳ እንግዳ ሲመጣ በጎን ተሸብልሎ ነው የሚገባው። ከእነዚያ ጽጌረዳዎች አንዷን ከነአፈሯ በፌስታል ጠቅልላ፣ ታክሲ ቀያይራ፣ ጭኗ ላይ እንደ ልጅ አስቀምጣ አመጣችልን። ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር "ቀስ በል እንጂ፣ የያዝኩትን አታይም?" ስትለው እንደመጣች በኩራት ነገረችን።

ጽጌረዳዋ ከፌስታሏ ሳትወጣ በሩ ተንኳኳ። አማቴ ናቸው፣ እማማ ጫልቱ። የእሳቸው ቤተሰብ ከተማው እየሰፋ መጥቶ ማሳቸው ላይ እስኪደርስ ድረስ ካራ አካባቢ ገበሬ ነበር፤ ዛሬ ልጆቻቸው ግማሹ ነጋዴ፣ ግማሹ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነዋል። እማማ ጫልቱ በኦሮምኛ ይጸልያሉ፣ በአማርኛ ይገበያያሉ፣ በሁለቱም ይቆጣሉ። በእጃቸው የተሰነጠቀ የቀለም ባልዲ ይዘዋል። ባልዲው ውስጥ እሾሃም ደረቅ እንጨት ቆሟል።

"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?" አለች እናቴ።

"ቡገንቪሊያ ነው" አሉ እማማ ጫልቱ።

"አበባው የታለ?"

"ይቆዩ፣ ያዩታል።"

ሁለቱም ወደዚያች ፍራሽ የምታህል አፈር ተመለከቱ። ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ጽጌረዳ ያለ ፀሐይ አይሆንላትም" አለች እናቴ።

"ቡገንቪሊያ ደግሞ ፀሐይ ካላገኘ ቅጠል ብቻ ነው" አሉ እማማ ጫልቱ።

"ለነገሩ እሱ ራሱ አበባ አይባልም። ያ ቀይ ቀዩ እኮ ቅጠሉ ነው። እውነተኛው አበባ መሃሉ ላይ ያለችው ነጭ ነጥብ ናት። እርስዎ ሳያውቁት ቀርተው አይደለም፣ ልጆቹ እንዲያውቁት ብዬ ነው።"

"ጽጌረዳስ? ዛሬ ውሃ፣ ነገ ፍግ፣ ከነገ ወዲያ መቀስ፣ ከዚያ ደግሞ የተባይ መድኃኒት። አበባ ናት ወይስ አልጋ የያዘች በሽተኛ? እርስዎን አይደለም፣ አበባዋን ነው።"

እንዲህ "እርስዎ" እየተባባሉ የሚጣሉ ሴቶች አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያስፈራል። አንቺ ቢባባሉ እኮ ተጯጩኸው ይወጣላቸው ነበር። እኔም ፈራሁና፣ ራሴን እንደ አገር ሽማግሌ ቆጥሬ፣ እስካሁን ድረስ ሌሊት ያባንነኛል ብል የማላጋንንበትን ቃል ተናገርኩ።

"ጎን ለጎን ትከሏቸዋ!"

ሰላማዊት ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። ጎን ለጎን ተተከሉ።

አሁን ስለ ሁለቱ ተክሎች ጠባይ ልንገራችሁ፤ ማንም አልነገረኝም ነበርና። የሚመሳሰሉት በአንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሁለቱም ይወጋሉ። ከዚያ ውጭ ሲፈጠሩም አልተዋደዱም። ጽጌረዳ ውሃ በጊዜው ካላገኘች እምቡጧን ታረግፋለች። ውሃውም ቅጠሏ ላይ ካረፈ ትታመማለች፤ ከሥር ብቻ፣ በጠዋት፣ በቀስታ ነው። ፍግ ትፈልጋለች፣ ነገር ግን የበሰለ ፍግ። አበባዋ ሲጠወልግ ቶሎ ካልቆረጣችሁላት ታኮርፋለች። ቡገንቪሊያ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሥሩ ከያዘ በኋላ ርሱኝ የሚል ተክል ነው። ካጠጣችሁት አረንጓዴ ቅጠሉን እያንዠረገገ ይወፍራል እንጂ አንድ ቀይ ነገር አያሳያችሁም። የሚያብበው ሲጠማው ነው። ሲበደል ነው የሚያምርበት።

እንግዲህ እነዚህን ሁለቱን ነው በአንድ ክንድ ርቀት ላይ የተከልናቸው። ለአንዷ የማፈሰው ውሃ ሌላው ሥር ይገባል። ለሌላው ብዬ ብተወው እሷ ትጠወልጋለች።

ሳስበው ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸውንም ያሳደጉት በዚሁ መንገድ ነው። እናቴ እኔን ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ድረስ "ሹራብ ለብሰሃል?" ስትል ነው የኖረችው፤ አሁንም ደመና ባየች ቁጥር ትደውላለች። ሰላማዊት ግን ፊደል በቆጠረች ማግስት ብቻዋን ታክሲ ተሳፍራ ትምህርት ቤት የምትሄድ ልጅ ነበረች። ስትወድቅ "ተነሺ" ትባላለች፤ ትነሳለች። እኔ ስወድቅ ሰፈሩ ይሰበሰባል።

ነገሩ አበባ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ባልተጨነቅኩ። ሰላማዊት ነፍሰ ጡር ነበረች። በሁለቱም ወገን የመጀመሪያው የልጅ ልጅ ነው። እና ማንም አፍ አውጥቶ የማይጠይቀው ጥያቄ ቤታችን ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ስትወልድ ማን ነው የሚያርሳት? በወጉ የልጅቷ እናት ናት። እናቴ ግን ለአራስ ቤት የሚሆን ቅቤ ማንጠር ከጀመረች ቆይታለች። እማማ ጫልቱም የገንፎውን እህል አስፈጭተዋል። ሁለቱም እርስ በርስ አይነጋገሩም፤ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነው። የሚለኩኝም በአበባ ነው።

"የሰጠሁህን አበባ እንዴት እንደምትይዝ አይቼ" አለችኝ እናቴ አንድ ቀን፣ "ልጁን እንዴት እንደምትይዝ አውቃለሁ። አያያዝህ ካላማረኝ ጓዜን ጠቅልዬ መጥቼ እዚሁ ነኝ።"

እማማ ጫልቱ ደግሞ ለሰላማዊት እንዲህ አሏት፤ "ምንም አትንካ የተባለውን ነገር ሳይነካ መቀመጥ ካልቻለ ልጁንም ሲነካካ ያሳምመዋል። ያን ጊዜ እኔ ከዚህ ቤት አልወጣም።"

"እኔ ሁለቱም አብረው ከመጡ እሞታለሁ" አለችኝ ሰላማዊት። "ቤቢ፣ ፕሊስ። ልጁ እስኪወለድ እነዚህን ነገሮች በሰላም አቆይልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ቀላል ነገር መስሎኝ "ሪላክስ በይ" አልኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋቴ የእኔ መሆኑ ቀረ። እናቴ በቪዲዮ ትደውላለች።

"ሃሎ እማዬ፣ ደህና አደርሽ?"

"አሳየኝ።"

"ምኑን?"

"እሷን ነዋ! ፊትህን ምን አደርገዋለሁ? ስልኩን አዙረው። ዝቅ በል። ወደ ሥሯ። ምነው ቅጠሏ ነጠብጣብ አለው? ምን አደረግሃት?"

"ምንም አላደረግኋትም።"

"እሱ ነዋ ነገሩ!"

እማማ ጫልቱ ግን አይደውሉም። ይመጣሉ። ሳይናገሩ ይመጡና፣ ጣታቸውን ቡገንቪሊያው ሥር እስከ አንጓው ይሰዱና፣ አውጥተው ያዩታል። ከዚያ እኔን ያዩኛል።

"አጠጥተኸዋል።"

"አላጠጣሁም፣ እማማ። ከጎኑ ያለችው ስትጠጣ ሾልኮ ነው።"

"ከጎኑ ማን አስተከላት?"

ባልዲዬን አንስቼ ወደ ቤት እገባለሁ።

በዚህ ላይ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሌላው ሰው ውሃ ሲመጣ ልብሱን ያጥባል፣ ገላውን ይታጠባል። እኔ ጀሪካን በጀሪካን ሞልቼ ሳሎን ውስጥ እደረድራለሁ፣ ለጽጌረዳ። እንግዳ ሲመጣ በጀሪካኖቹ መካከል ተሸብልሎ ይገባል፤ እናቴ ቤት እንደሚገባው ማለት ነው። ቢሮ ሳረፍድ አለቃዬ ምክንያቴን ይጠይቀኛል። እውነቱን ብነግረው እንደማያምነኝ ስለማውቅ "ታክሲ ጠፍቶ ነው" እላለሁ። ታክሲ እንኳን እኔ የምለውን ያህል አይጠፋም።

ያ ሁሉ ሆኖ ጽጌረዳዋ ነጠብጣቧን አላቆመችም፤ ቡገንቪሊያውም እየወፈረ ሄዶ ፀሐይ ጋረዳት። እናቴ በስልክ እያየችው "ጭራሽ ሊውጣት ነው!" አለች። ያኔ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ከሁለቱ መካከል ቆርቆሮ መሬት ውስጥ ቀብሬ ብለያቸውስ? የአንዷ ውሃ ወደ ሌላው አያልፍም። ሁለት አገር፣ አንድ ድንበር። ሐሳቡ ስለገረመኝ ለሰላማዊት እንኳ ሳልነግር ዶማ ልዋስ ወደ ጋሽ ከድር ሄድኩ።

"ለምንህ ነው?" አሉኝ።

ነገርኳቸው።

"እዚያ ጋ የውሃ ቧንቧ ያልፋል።"

"የለም ጋሼ፣ ቧንቧው በግራ በኩል ነው።"

ልብ በሉ፤ ይህን የምለው ሰፈሩን ገና በቅጡ ያላወቅሁ ተከራይ ነኝ። የምለውም ቧንቧው ሲቀበር ቆመው ላዩ ሰው ነው። ጋሽ ከድር ዶማውን ሰጡኝ፣ በርጩማቸውንም አነሱና በራችን ፊት ለፊት አስቀምጠው ተቀመጡ። ነገሩን ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

ቀኑ የውሃ ፈረቃችን ነበር። ዶማው ጥቂት እንደወረደ "ቋ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ድንጋይ መሰለኝ። ድንጋይ ከሆነ ጠንከር ብዬ ልምታው ብዬ ጠንከር አድርጌ መታሁት።

ውሃው መጀመሪያ ፊቴን፣ ቀጥሎ የጋሽ ከድርን ፎቅ፣ ከዚያ ሰማዩን ያዘ። እጄን አደረግሁበት፣ በጣቶቼ መካከል ተረጨ። ሸሚዜን አውልቄ ጠመጠምኩበት፣ ሸሚዜን ይዞት ሄደ። ሰላማዊት ሆዷን ይዛ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ውሃው በበሩ ሥር ሾልኮ መንገዱ ላይ ሲወጣ ሰፈሩ ጀሪካን ይዞ መጣ።

"ቦኖ ተከፈተ እንዴ?" አለች አንዲት ሴት ባልዲዋን እያስጠጋች።

"ኸረ የሰው ግቢ ነው!" አልኩ።

"እግዜር ይስጥህ፣ እኛ ጋ እኮ ከመጣ ሰነበተ" አለችኝና ሞላች። ሌላዋም ሞላች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተመርቄ አላውቅም።

በመጨረሻ ጋሽ ከድር ቀስ ብለው ተነስተው፣ ግድግዳው ሥር ያለችውን መዝጊያ አዙረው ዘጉት። የት እንዳለች ከመጀመሪያውም ያውቁ ነበር። "በግራ በኩል ነው ስትለኝ" አሉ፣ "አንድ የምታውቀው ነገር አለ ብዬ ነው እኮ።"

ቧንቧው ተጠገነ። ያቺ ፍራሽ የምታህል አፈር ግን ጭቃ ሆነች፤ ጽጌረዳዋ ወደ ግራ፣ ቡገንቪሊያው ወደ ቀኝ ተጋደሙ። በገመድ አሰርኳቸው። አፈሩ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ሸክላ ጠነከረ። ለስላሳ አፈር ካልተቀላቀለበት ሁለቱም እንደሚሞቱ ገባኝ። ለስላሳ አፈር ደግሞ ይሸጣል፤ እኔ ግን በነጻ የሚገኝበትን ቦታ ያወቅሁ መሰለኝ። እንጦጦ!

ቅዳሜ ማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልዬ፣ አጭር ዶማ ሸጉጬ ወጣሁ። እንጦጦ ራጉኤል ደርሰው የሚመለሱ ሰዎች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፊታቸው በርቶ ይወርዳሉ። እኔ ጆንያ ይዤ፣ ግራ ቀኝ እያየሁ፣ ወደ ላይ። አንዲት አሮጊት ጆንያዬን አይተው አማተቡ። ከመንገዱ ወጣ ብዬ፣ የባሕር ዛፍ ጥላ ሥር፣ ጥቁርና ፍርፍር ያለ አፈር አገኘሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ጆንያውን ከግማሽ በላይ እንደሞላሁ ከኋላዬ ድምፅ መጣ።

"ምን እየቀበርክ ነው?"

የደን ጥበቃ ነው። ረጅም ካፖርት ለብሶ፣ ዱላውን ጨብጦ ቆሟል።

"እየቀበርኩ አይደለም፣ እየቆፈርኩ ነው።"

"ምን ልትቀብር?"

"ምንም! አፈር ልወስድ ነው።"

"አፈር?" አለ፣ ከሬሳ የባሰ ነገር እንደነገርኩት ሁሉ። "አፈር ይሰረቃል እንዴ?"

ጓደኛው ወዳለበት ጥበቃ ቤት ወሰደኝ። ጓደኛው ሻይ እየጠጣ ነበር። ሁለቱ ፊት ቆሜ አስረዳሁ፤ ጽጌረዳዋን፣ ቡገንቪሊያውን፣ እናቴን፣ አማቴን፣ ቧንቧውን። መሃል ላይ የያዘኝ ሰውዬ ዱላውን አስቀመጠ። ጓደኛው የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሁለቱም ያገቡ ሰዎች ናቸው።

"አማትህ የሰጡህ የትኛውን ነው?" አለኝ ባለ ሻዩ።

"ቡገንቪሊያውን።"

ተያዩ። "እሱን አድን" አለኝ። "እናትህ ትምርሃለች።"

የዛፎቹ ሥር እንዳይራቆት አብዛኛውን አፈር ወደ ቦታው አስመለሱኝ። ጥቂት ግን አዝነው ተዉልኝ፤ "ሁለተኛ እዚህ እንዳናይህ" ብለው። ያቺን ጥቂት አፈር በሚኒባስ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ስመለስ፣ ረዳቱ "ወርቅ ነው እንዴ?" ብሎ አላገጠብኝ።

አፈሯን ቀላቀልኩ። በሳምንቱ ሁለቱም መገርጣት ጀመሩ። እማማ ጫልቱ እንደ ልማዳቸው ሳይናገሩ መጡ፤ አፈሩን አንስተው አሸተቱ።

"ያ ዋቃዮ! የባሕር ዛፍ አፈር ነው?"

"ከእንጦጦ ነው ያመጣሁት፣ እማማ። ለስላሳ ነው።"

"ባሕር ዛፍ ሥር እንኳን አበባ፣ ሣር እንደ ልቡ ሲበቅል አይተህ ታውቃለህ? ደግሞ ይኼን ብለህ እንጦጦ ድረስ ወጣህ?"

በእግሬ እንደወጣሁ አልነገርኳቸውም።

ሰላማዊት የመውለጃዋ ጊዜ ተቃርቧል። እናቴ "እሑድ እመጣለሁ፣ በዓይኔ ልያት" አለች። እማማ ጫልቱም የሰላማዊትን ድካም ለማየት እሑድ እንደሚመጡ ላኩብን። ሁለቱም እሑድ! ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ ቆሜ ሳያቸው፣ ሁለቱም ቅጠላቸውን ጨርሰው አርግፈው፣ በገመድ እንደታሰሩ እርስ በርስ ተጠላልፈዋል። ያን ጊዜ እናቴ "ጽጌረዳ ስትደክም ጠበቅ አድርጎ መግረዝ ነው፣ በአዲስ ኃይል ትነሳለች" ስትል የሰማሁት ትዝ አለኝ። እንዴት እንደሚገረዝ ከስልኬ ላይ ቪዲዮ አየሁ። ሰውዬው ቅጭ ቅጭ አድርጎ በደቂቃ ይጨርሳል፤ ቀላል ነው።

ከጋሽ ከድር መቀስ ተዋስኩ። በዚህ ጊዜ በርጩማቸውን ይዘው እንዳይመጡ በሩን ዘጋሁ። እሾህ እየወጋኝ፣ እየደማሁ፣ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ቆረጥኩ። ሥራው እየጣመኝ መጣ። ከመሬት ትንሽ ከፍ ያሉ ጉቶዎች ብቻ ሲቀሩ ወገቤን ይዤ ቀና አልኩ።

ሰላማዊት በመስኮት ስታየኝ ነበር።

"ቤቢ" አለችኝ በቀስታ፣ "አሁን የቆረጥከው የማንን ነው?"

"የእናቴን። ጽጌረዳዋን።"

"እንግዲያው ያቺ ገመድ ላይ የቀረችው ማን ናት?"

ዞር ብዬ አየሁ። ጽጌረዳዋ፣ አንድም ቅርንጫፍ ሳይጎድላት፣ ደርቃና ገርጥታ ቆማለች። ለካ የላጨሁት የእማማ ጫልቱን ቡገንቪሊያ ነው። ምንም ቅጠል ያልቀረው እሾህ ከእሾህ በምን ይለያል? ንገሩኝ እስቲ! ሰላማዊት መስኮቱን ዘጋችው። ከውስጥ ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ መለየት አቃተኝ፤ ለመጠየቅም ፈራሁ።

እሑድ ሁለቱም በር ላይ ተገናኙ። "እንደምን ሰነበቱ?" "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?" ተባብለው፣ "ይግቡ"፣ "ኸረ እርስዎ ይቅደሙ" ሲባባሉ ቆይተው ገቡ። እኔ የበረንዳውን ምሰሶ ተደግፌ ቆሜያለሁ።

እናቴ ጽጌረዳዋ ፊት በርከክ አለች። "ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?" አለቻት። እማማ ጫልቱ ጉቶዎቹ ላይ ቆመው አንድ በአንድ ቆጠሯቸው። አሁን ነው፣ አልኩ በልቤ፤ አሁን ጣሪያው ሊነሳ ነው፤ ከሥሩ የቆመውን ወንድ ልጅ እግዜር ያውጣው።

እናቴ ቀና ስትል ጉቶዎቹን አየች። "ይኼንንስ" አለች፣ "ምን አድርጎት ነው?"

"ላጨው" አሉ እማማ ጫልቱ።

"ሙሉውን?"

"ሙሉውን። ያያሉ አይደል?"

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። የምታለቅስ መሰለኝ። ትከሻዋ ግን እየተንቀጠቀጠ መጣ፤ እየሳቀች ነበር። "ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው" አለች ሳቋ እያቋረጣት። "አንድ ጊዜ ዶሮዋን ቆሽሻለች ብሎ በሳሙና አጥቦ፣ ትድረቅልኝ ብሎ ልብስ መስጫው ላይ በክንፏ ሰቀላት!"

"እማዬ!" አልኩ።

"በክንፏ?" አሉ እማማ ጫልቱ። "ሞተች?"

"የለም፣ ግን ከዚያ በኋላ እንቁላል ጥላልን አታውቅም!"

እማማ ጫልቱ ግድግዳውን ይዘው ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። "እኔ ለሰላማዊት ነግሬያት ነበር" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። "ልጁ ጨዋ ነው፣ ግን እጁን ጠብቂው ብያት ነበር። ያኔ ሰርጉ ጊዜ ወንበር ላስተካክል ብሎ ከነሰውየው የገለበጠው እሱ አልነበረም?"

"እሱ ነው! የእኔ ወንድም እኮ ነው የወደቀው!"

የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው። አንዱንም መካድ አልቻልኩም። ግን ሰው ባለበት፣ እሱ እዚያው ቆሞ፣ እንዲህ ይባላል?

ከዚያ እማማ ጫልቱ ነጠላቸውን አገልድመው ቁጭ አሉና ጉቶውን በጥፍራቸው ጫር አደረጉት። "ውስጡ አረንጓዴ ነው" አሉ። "አልሞተም። ይኼ የኔ ከውጭ በኩል፣ አጥሩ ሥር ይሁን። እዚያ ደረቅ ነው፣ ፀሐይም አለ። ደግሞ ከልጅሽ እጅ ይርቃል።"

ልጅሽ አሉ። አንቺ! ምሰሶውን ለቀቅሁት። ሰላማዊትም በሩ ላይ ወጥታ ቆማ ነበር፣ ሰምታለች፤ ዓይን ለዓይን ተያየን።

እናቴም ምንም እንዳልተፈጠረ "ተይ፣ ሥሩ እንዳይነካ ከነአፈሩ እናንሳው" አለቻቸው። "ቆይ እኔ ልያዝልሽ።"

ሁለቱ ሴቶች እየተማከሩ ቆፈሩ። ቡገንቪሊያውን ተሸክመው አውጥተው አጥሩ ሥር ተከሉት። ሲመለሱ ጽጌረዳዋን ብቻዋን ወደ መሃል አዛወሩ፣ የባሕር ዛፉን አፈር ጠርገው ጣሉ፣ እማማ ጫልቱ "የበሰለ የላም ፍግ ከቤት እልክልሻለሁ" አሉ። እኔ ልርዳ ብዬ አካፋውን ሳነሳ ሁለቱም በአንድ ድምፅ "አስቀምጠው!" አሉኝ። አስቀመጥኩት።

ሥራው አልቆ ሻይ ሲቀርብ ነገሩ ሁሉ ተወስኖ አገኘሁት። ማንም አላማከረኝም።

"ሰላማዊትን ጫልቱ ታርሳታለች" አለች እናቴ ስኳሯን እያማሰለች። "ልጁን እኔ እይዛለሁ።"

"ሁለታችሁም ልትመጡ ነው?" አልኩ።

"ሁለታችንም ነን" አሉ እማማ ጫልቱ። "መኝታ ቤቱ ለእኛና ለእሷ ነው፣ አንተ ሳሎን ትተኛለህ።"

ሁለቱም አብረው ከመጡ እሞታለሁ ያለችው ሰላማዊት መቼም አንድ ነገር ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። "ደስ ይለኛል" አለች! ጭራሽ ብስኩት አቀረበችላቸው።

"እኔስ ምን ልሥራ?"

እናቴ ለረጅም ጊዜ አየችኝ፣ በፍቅር። "አንተ የኔ ልጅ፣ ምንም አትንካ። በቃ። አሁን ሂድና ዳቦ ግዛልን።"

ወጣሁ። ጋሽ ከድር ዳቦውን በፌስታል እያስገቡልኝ ሳለ ከግቢያችን ሌላ ሳቅ ፈነዳ፤ ይኼኛው ሦስት ድምፅ ነበረው፣ የሰላማዊትም ተጨምሮበት። ስለ እኔ ሌላ ነገር ተነግሮ መሆን አለበት፤ የትኛው ይሆን እያልኩ ሳስብ ብዙ መጣብኝ።

"ምንድን ነው ዛሬ እናንተ ቤት እንዲህ የሚሳቀው?" አሉ ጋሽ ከድር።

"በእኔ ነው" አልኳቸው።

"እናትህና አማትህ? አብረው?"

"አብረው።"

ጋሽ ከድር ወደ ግቢያችን ጆሯቸውን ጣል አድርገው ጥቂት አዳመጡ። ከዚያ በርጩማቸውን ለእኔ አስጠጉልኝ፣ እሳቸው ከረጢት ላይ ተቀመጡ።

"እንግዲያው ቁጭ በል" አሉኝ። "ቶሎ ገብተህ እንዳታቋርጣቸው።"